እናቴ ደቦ የጠራች ዕለት

መተማ ዮሐንስ ላይ ስለ ማኅበራዊ መደብ ለመማር አንዲት ቬንትሌተር ትበቃለች። ቅዳሜና እሑድ ሶሲዮሎጂ የምንማርበትን ክፍል ከአንድ ትምህርት ቤት ተውሰነው ነበር፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መስኮቱ ፀሐይ የሚቀበል፣ መሐሉ ላይ አንዲት ቬንትሌተር የተንጠለጠለችበት። ስትዞር እንደ አሮጌ ባጃጅ ትንጫጫለች። ቢሆንም ከሥሯ የተቀመጠ ሰው ሆኖ ይማራል፤ ራቅ ያለው ደግሞ ደብተሩን ማራገቢያ አድርጎ፣ ግማሹን ትምህርት ሳይሰማ ላቡን ሲጠርግ ይውላል።

እኔ ኮኪት አንደኛ ደረጃ የማስተምር መምህርት ነኝ። ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ ስመጣ ከባድ መኪናው፣ ትራክተሩ፣ ኬላው ያስረፍደኛል፤ ስለዚህ ቦታዬ የታወቀ ነበር፤ ከግድግዳው ሥር። ከእኔም አርፍዳ የምትመጣ አንዲት ሴት ነበረች። ባለሱቅ ናት፤ ከድንበሩ ማዶ ከጋላባት የመጣውን ዕቃ ለኮኪት፣ የኮኪቱን ለጎንደር የምትሸጥ ሙስሊም ነጋዴ። በዕድሜ ስለምትበልጠን ሁላችንም እትዬ እንላታለን። እትዬ በትልቅ ፔርሙዝ ቀዝቃዛ ከርከዴ ይዛ ብቅ ስትል፣ ሳጅን የምንለው ፖሊስ ከቬንትሌተሯ ሥር የያዘላትን ወንበር በክንዱ ጠርጎ ያስረክባታል። የመጀመሪያዋ ብርጭቆ የሱ ናት።

መምህራችን ከጎንደር የሚመጣ ወጣት ነው። የመጀመሪያ ዕለት ኮትና ክራቫት አድርጎ ገባ። እርስ በርስ ተያየን፤ ቆላው ራሱ ይንገረው ብለን ማናችንም ምንም አላልነውም። ብዙም ሳይቆይ ኮቱ ወለቀ፣ ክራቫቱ ተከተለ፣ በመጨረሻም ሳጅን ከቦርሳው ፎጣ አውጥቶ ሰጠው። ያቺን ፎጣ ከዚያ በኋላ ከአንገቱ አልለያትም።

የመደብ ትምህርት የጀመርን ቀን ደብተሩን እንኳ ሳይገልጥ ወደ ጣሪያው አመለከተና «ከዚች ሥር ማን ተቀምጧል? ለምን?» አለን። ክፍሉ ተንጫጫ። ሳጅን «እኔ ሕግ ስለማስከብር ነው» አለ። እትዬ «እኔ በከርከዴዬ ነው» አለች። እኔም ከግድግዳው ሆኜ «እኔ እዚህ የተለጠፍኩት በድህነቴ ነው» ብዬ ጮህኩ። መምህሩ ሳቁ እስኪበርድ ጠብቆ፣ ሥልጣን፣ ሀብትና ክብር እያለ ሰሌዳው ላይ ጻፈልን፤ ቀጥሎም ትልቅ መሰላል ሣለና «የከተማችሁን ሰው አሳፍሩበት» አለ። ከላይ ማን ይቀመጥ በሚለው ልንደባደብ ምንም አልቀረንም። ሳጅን እትዬን ከላይ ሊያስቀምጣት ሲል «እኔ ሀብታም አይደለሁም፤ ሀብታም እንቅልፍ ያለው ነው» ብላ ወረደች። መምህራን የት ይሁኑ ሲባል ሁሉም ሳቀ፤ እኔ አኮረፍኩ። ክርክር ያልተነሣበት የታችኛው እርከን ብቻ ነበር። እዚያ ላይ ሁሉም በአንድ አፍ «ሳሉግ» አለ። ሳሉግ የምንለው ለአረምና ለአጨዳ ከደጋ የሚወርደውን የቀን ሠራተኛ ነው።

መምህሩ የቤት ሥራ ሰጠን። «ለሳምንት እናቶቻችሁን ከመሰላሉ ላይ አስቀምጣችሁ ኑ። ወጥተው እንደሆነ፣ ወርደውም እንደሆነ ንገሩን።»

እናቴ ወደዚህ ቆላ የወረደችው እኔን አዝላ ከጎጃም ነው። አባቴ ከሞተ በኋላ ሰሊጥ ሊያጭዱ ከሚወርዱ ሳሉጎች ጋር መጣች፤ አጨዳው ሲያልቅ ሌሎቹ ወደ አገራቸው ተመለሱ፣ እሷ ቀረች። አርማለች፣ አጭዳለች፣ ሠራተኞች በሚሰፍሩበት ምግብ አብስላለች። እኔን ያስተማረችኝ በማጭዷ ነው። መምህራችን መሰላሉን የሣለበት ዓመት ግን በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን ሰሊጥ የዘራችበት ዓመት ነበር። መሬቱ የኪራይ ነው፤ ከኮኪት ወጣ ብሎ ከአንድ ሰፊ እርሻ ጎን የተለጠፈ ትንሽ ማሳ። ፍየሎቿን ሸጣ ያላትን ሁሉ አፍስሳበታለች። በየቀኑ ሄዳ ታየዋለች። ሰው ሊያሾፍባት «ባለማሳዋ መጣች!» ሲላት የተቆጣች ትመስላለች፤ ቤት ገብታ ግን «ምን እንዳሉኝ ሰማሽ?» እያለች ደጋግማ ታወራኛለች።

የቤት ሥራውን ስነግራት አላመነችኝም። «የመንግሥት ሰው ከጎንደር ድረስ መጥቶ እናታችሁ የት ናት ብሎ ይጠይቃል?» አለች። ከዚያ እንጨት አነሣችና «በይ ሣይው» ብላ ሰጠችኝ። ጓሮው አፈር ላይ መሰላሉን ሣልኩላት። ጎንበስ ብላ አየችው።

«የታችኛው ላይ ማን ነው ያለ?»

«ሳሉግ።»

«እዚያ ነበርኩ። ሰፊ ነው፤ ብዙ ሰው ይይዛል» አለች ቅር ሳይላት። «አሁንስ?»

ቀጣዩን እርከን አሳየኋት። «ባለ ትንሽ ማሳ።»

የቀሚሷን ጫፍ ሰብሰብ አድርጋ ጫማዋን አወለቀችና በእግሯ ረገጠችው። «ቆምኩ!» አለች። እንደ ልጅ ነበር የሣቀችው፤ እኔም አብሬያት ሣቅሁ። ቀና ብላ «አንቺስ የት ነሽ?» ስትለኝ ከሷ ከፍ ያለውን ጠቆምኩ። «ከእኔ በላይ? ወር አጋማሽ ላይ እኔው ቤት መጥተሽ የምትበይ አንቺ አይደለሽሞይ?» ብላ የእኔን እርከን በተረከዟ ደመሰሰችና ከሷ በታች እንደገና ሣለችው። ለሳምንት ክፍል ውስጥ ያቀረብኩት መሰላል ይኸው በእናቴ ተረከዝ የታረመው ነው። መምህሩ በጣም ወደደው።

ሰሊጥ እንደ ማሽላ ታጋሽ አይደለም። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ መርገፍ ሲጀምር መታጨድ አለበት፤ ከተላለፈ ፍሬውን የያዘው ቆባ አፉን ይከፍትና ነፋስ በነካው ቁጥር መሬት ላይ ያፈሰዋል። የሁሉም ሰው ሰሊጥ የሚደርሰው ደግሞ በአንድ ሰሞን ነው። ያን ሰሞን ኮኪት አደባባይ ላይ የሠራተኛ ሽሚያ ይሆናል። ትልልቆቹ እርሻዎች ትራክተር ከነተሳቢው ይልካሉ፤ ከሁሉም ከፍ ያለ ዋጋ ይጠራሉ፣ ሥጋ እናበላለን ይላሉ፤ ተሳቢው ሞልቶ ይሄዳል። ባለ ትንሽ ማሳው የተረፈውን ይጠብቃል። ያን ዓመት የተረፈ አልነበረም።

እናቴ ማሳዋ ቢጫ ሲሆን ሠራተኛ ልትቀጥር ወደ አደባባዩ ወጣች፤ ማጭዷን ይዛ። በቆላ ምድር ሠራተኛ ሊቀጥር ማጭድ ይዞ የሚወጣ አሠሪ የለም። አሠሪ የሚይዘው ስልክ ነው። እሷ ግን ሠራተኛ ካገኘሁ አብሬ እገባለሁ ብላ ነው። ደላላው አያት፣ ማጭዷን አየ፤ ክንዷን ይዞ ከትራክተሩ ዘወር አደረጋትና «እማማ፣ እርስዎ እንኳ ይቅርብዎ። ዘንድሮ ጎልማሳ ነው የሚፈለገው» አላት።

«እኔ አሠሪ ነኝ!» አለች።

ደላላው ሣቀ፤ ተሳቢው ላይ የተሳፈረውም ሁሉ ሣቀ። ትራክተሩም ሄደ።

ቤት መጥታ ይህን ስትነግረኝ የደላላውን አነጋገር እየቀዳች ነበር፤ እኔም ከልቤ እየሣቅሁ ነበር። መሐል ላይ ድምፅዋ ተሰበረ። ያኔ ደሜ ፈላ። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ሰሊጥ ስታጭድ ኖራ የሷን የሚያጭድላት ጠፋ፤ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸ ነው። ያ ሰሊጥ ከረገፈ ለከርሞ መሬት መከራያ የለም፤ ፍየሎቹም የሉም። እናቴ ማጭዷን ይዛ እዚያው አደባባይ ትቆማለች፤ ደላላውም ያን ጊዜ አልተሳሳተም ማለት ነው። እኔና እሷ ሁለታችንም ይህን እናውቃለን።

በማግስቱ ፊቷን ታጥባ፣ ሻሿን አጥብቃ አስራ «ደቦ እጠራለሁ» አለች።

ሣቅሁ፤ ምን ላድርግ? ደቦ የደጋ ነገር ነው። ጎረቤት ለጎረቤቱ በነጻ ያጭዳል፣ የጠራው ሰው ደግሶ ያበላል፣ በተራው ደግሞ ሄዶ ያጭዳል። እዚህ ቆላ ግን የሚታጨደው ሁሉ በክፍያ ነው፤ ደቦ ሲሉት የሰማ ልጅ እንኳ ጥቂት ነው። አንዲት ጎረቤታችን ሰምታ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» አለች፤ ለእናቴ ሳይሆን እኔ እንድሰማው ነበር።

እናቴ በፊት ምግብ ታበስልላቸው የነበሩ የጎጃም ሳሉጎች ከኮኪት ዳር ሰፍረው ነበር። አብሬያት ሄድኩ። ካቦ የሚሉት አለቃቸው ቀጭን፣ ዓይኑ የሚሥቅ ሰው ነው፤ ተነሥቶ እጅ ነሣት፤ እንድትቀመጥም የጠፍር አልጋውን፣ አንገረቡን፣ ለቀቀላት። ነገሩን ሰማና ራሱን ነቀነቀ። «እሜቴ፣ ቀኑ ሁሉ ተይዟል። ነጻ የምንሆነው ቅዳሜ ብቻ ነው፤ ቅዳሜ ደግሞ አቦ ናቸው» አለ። በአቦ ቀን ለደመወዝ ማጭድ የሚያነሣ ከመሐላቸው የለም።

ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ መላ አመጡ። «በአገራችን በበዓል ቀን ለአቅመ ደካማ ይታጨዳል። አቦም አይቀየሙም። አቅመ ደካማ ነኝ ይበሉና እናጭዳለን» አሉ። እኔ ‘ተመስገን!’ አልኩ በልቤ። እናቴ ግን ከአንገረቡ ተነሣች።

«አልልም» አለች።

«እማ፣ በይና ይታጨድ!» አልኳት በጆሮዋ። ልቆነጥጣት ሁሉ ቃጥቶኝ ነበር።

«ትናንት በእግሬ የወጣሁትን ዛሬ በአፌ ልውረደው?»

ካቦው «የምን መውጣት፣ የምን መውረድ ነው?» አለ። እናቴ እንጨት ፈልጋ ቁጢጥ አለችና ያን መሰላል አፈሩ ላይ ሣለችላቸው። ከበቧት። «እኛ የቱ ላይ ነን? ይኸ የታቹ ነው?» «ይኸ ሰፊው?» «ልጅቱስ?» እያሉ ተሣሣቁ። መምህራችን እዚያ ቢኖር በደስታ ያለቅስ ነበር። ካቦው ጎንበስ ብሎ ትንሽ አየና «አንቱ ከኛ ስንት ከፍ ብለዋል?» ብሎ ጠየቃት።

«አንዲት።»

«ታዲያ እጅ ቢዘረጉ ይደርሱብናል» አለ። ከዚያ ሣቁን ተወት አድርጎ «አቅመ ደካማ ካልሆኑ ደቦው መመለስ አለበት። ይመልሳሉ?» አላት።

«እመልሳለሁ!»

ሰፈሩ በሣቅ ፈነዳ። «በየትኛው ማሳችን?» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ከቆላው መሬት የነሱ የሆነ አንዲት ክንድ አልነበረም። ካቦው ግን እጁን አንሥቶ ጸጥ አሰኛቸው። «አቅመ ደካማ ነኝ ካላሉ እኅታችሁ ነኝ ይበሉ። አብራን ያጨደች፣ ያበላችን ናት። ለእኅት ማጭድ ማንሣት ነውር የለውም።»

«እሱንማ ነኝ!» አለች እናቴ። ፊቷ በራ። በማግስቱ ካቦው ቄሱን ጠይቆ መልሱን ላከልን፤ ቅዳሴ አስቀድሰው፣ ዋጋ ሳይቀበሉ ለወገን ቢያጭዱ ኃጢአት አይደለም ብለዋል።

እኔም ለክፍሌ ልጆች በቴሌግራም ቡድናችን ጻፍኩ። «ቅዳሜ አልመጣም። የእናቴ ሰሊጥ ሊረግፍ ነው፤ ደቦ ጠርታለች።» ሳጅን የሚሥቅ ፊት ላከ። እትዬ ዝም፤ መምህሩም ዝም። ተበሳጨሁ። ስለ እኩልነት ሲያስተምሩን መዋል ቀላል ነው ብዬ ስልኬን ወረወርኩት።

የአቦ ዕለት ሳሉጎቹ ከቤተ ክርስቲያን እንደወጡ ነጠላቸውን እንዳጣፉ መጡ። ነጠላዎቹን ከማሳው ዳር ባለው ግራር ላይ ሰቀሉና ተሰልፈው ገቡ። ሰሊጡ ቢጫ ነው፤ የታችኛው ቆባ አንዳንዱ አፉን ከፍቷል። እናቴ ደጋግማ ሰማዩን ታያለች፣ ነፋስ እንዳይነሣ።

በዚህ መሐል ከመንገዱ በኩል አቧራ ተነሣ። የእትዬ አይሱዙ ነበር። ጀርባው ላይ በርሜል ሙሉ ውሃ፣ ከበርሜሉ ጎን ደግሞ የክፍላችን ተማሪዎች። ሳጅን ያለ ዩኒፎርሙ ሰው መሰለ። ከጋቢናው መምህራችን ፎጣውን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ ወረደ፤ «የዛሬው ክፍል እዚህ ነው። የቀረ ሰው የለም?» አለ። ያ ሁሉ ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም፤ ሮጬ አቀፍኩት። አቅፌው ስጨርስ ነው መምህሬ መሆኑ ትዝ ያለኝ።

እጁን ይቆርጣል ብዬ ስሰጋ ማጭዱን ተቀበለኝና ግንዱን ጨብጦ ዝቅ ብሎ ጀመረ። ለካ እሱም የገበሬ ልጅ ነው። ጥቂት ሄድ እንዳለ ድምፁን አነሣ፦

«ሰሊጡ አፍ ከፈተ ሊናገር ነው መሰል፣
እንጨደው በቶሎ ሳያወጣ በደል!»

ካቦው «ይበል!» አለና ተቀበለው። ሰልፉ ሁሉ ተቀበለ። ሳጅን ድምፁ ወፍራም ነው፤ ግጥሙን ሳይይዝ መጨረሻውን ብቻ ይጮኸዋል። እትዬ ነዶ የማሠሩን ሥራ ያዘች፤ «ዕቃ ሳሥር ነው ያደግሁ» እያለች የሌላውን ቋጠሮ ሁሉ እየፈታች እንደገና ታሥረዋለች። የሠራተኞቹ ሽማግሌ እሷ ያሠረችውን በበኩላቸው ይፈታሉ። እስከ ምሳ ድረስ ሁለቱም አልተሸነፉም።

ያስቸገረችው እናቴ ናት። የደቦ ባለቤት ሥራዋ ማስተናገድ ነው፤ ውሃ ማዞር፣ ምግቡን ማየት፣ «አይዟችሁ» ማለት። እሷ ግን አያስችላትም። ዞር ስንል ሰልፉ ውስጥ ገብታ ታጭዳለች። ካቦው «እሜቴ፣ ባለማሳ ነዎት! ወደ ጥላ!» ይላታል። ትወጣለች። ትንሽ ቆይተን ስናይ በሌላኛው ጫፍ ገብታለች። ሳጅን «ላሥራት ወይ?» ሲል የሣቁ ድምፅ ከወዲያኛው እርሻ ድረስ ተሰማ።

ምሳው የጽጌ ጾም ምግብ ነበር፤ እናቴ ጽጌን ትጾማለች። የማሽላ እንጀራ፣ ሽሮ፣ ምስር፤ ለሚጠጣው ጠላ፣ ለማይጠጣው የእትዬ ከርከዴ። ሥጋ ስላልነበረ የክርስቲያን ነው፣ የእስላም ነው ብሎ መለየት አላስፈለገም፤ እትዬም ሳሉጉም ሳጅኑም ከአንድ ትሪ ቆረሱ። የግራሩ ጥላ ትንሽ ስለሆነች ተጠጋግተን ተቀመጥን፤ ፀሐይዋ በዞረች ቁጥር እየተሣሣቅን አብረናት እንዞራለን።

«እዚህ ከቬንትሌተሩ ሥር ማን ተቀመጠ?» አለ መምህሩ። ሁላችንም አንዱ ሌላውን ጠቆመ። እሱም እንጀራውን እንደያዘ ማስተማሩን ቀጠለ። «ደቦ የጠራ ሰው ‘ነገ እኔም እመጣልሃለሁ’ ማለቱ ነው። ከበላዩ ያለውን ሰው አይጠራውም፣ ይለምነዋል። ከበታቹ ያለውን አይጠራውም፣ ያዘዋል። ደቦ የሚጠራሩት እኩዮች ናቸው።»

እናቴ ጭልፋዋን ይዛ ቆማ ትሰማ ነበር። «ታዲያ እኔ ጠራኋቸው፤ እነሱ መልሰው ካልጠሩኝ እኩል አልሆንም ማለት ነዋ?» አለችው።

መምህሩ ወደ ካቦው ዞረ።

ካቦው «እንጠራዎታለን» አለ።

«መቼ?»

«ማሳ ስናገኝ ነዋ!»

ሁሉም ሣቀ። እናቴ ግን አልሣቀችም፤ በጭልፋዋ ወደሱ እያመለከተች «እጠብቃለሁ» አለች።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ማሳው ታጨደ። ነዶዎቹ እርስ በርስ ተደጋግፈው ቆሙ። እናቴ መሐላቸው ገብታ እልል አለች፤ እትዬ ተቀበለቻት፤ ከአጠገባችን ባለው ሰፊ እርሻ ትራክተር የሚነዳው ሰው ሞተሩን አጥፍቶ አየን። የዚያን ዕለት ያህል የተደሰትኩበት ቀን ጥቂት ነው። እጄ ቆስሎ፣ ወገቤ ተቆርጦ፣ ፊቴ አቧራ ብቻ ሆኖ፣ ይህን ሁሉ ሰው አንድ በአንድ መሳም አማረኝ።

ሰሊጡ ደርቆ ሸራ ላይ ተራገፈ፣ ተሸጠ፤ እናቴም ለከርሞው ያንኑ መሬት ተከራየች። ከእርከኗ አልወረደችም። አሁን አደባባይ ስትወጣ ደላላው ራሱ «እንደምን አደሩ፣ ባለማሳ» ይላታል። እኔም ሶሲዮሎጂውን ጨርሼ ተመረቅሁ። እሷን ግን አንድ ነገር እንደ እሾህ ይወጋት ነበር። በየዓመቱ የጎጃም ሳሉጎች ሲወርዱ መጀመሪያ የምትጠይቃቸው ስለ ዝናብ ወይም ስለ አገር አይደለም። «ከእናንተ መሐል ማሳ ያገኘ የለም?» ነው የምትላቸው። የለም ይሏታል። ዳቦ ጋግራ፣ ሽሮ ሠርታ ሰፈራቸው ትወስድላቸዋለች፤ ሲመርቋት «ይኸ ለደቦው አይቆጠርም» ትላለች። ማጭዷን በየጊዜው ታስላለች። አንድ ጊዜ ሰልችቶኝ «እማ፣ እነሱ እኮ ረስተውታል» አልኳት። «ሰው የጠራውን ይረሳል፤ የተጠራ ግን አይረሳም» አለችኝ። የተጠሩት እኮ እነሱ ናቸው ልላት አስቤ ነበር፤ ፊቷን አይቼ ተውኩት።

ዘንድሮ፣ ማሳዎቹ ቢጫ መሆን ሲጀምሩ፣ ስልኳ ጮኸ። ካቦው ነበር፤ እንደኛው ሰሊጥ ከሚዘራበት ከአብርሃ ጅራ። እንድሰማው ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«እሜቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። ከጓደኞቼ ጋር ሆነን ትንሽ ማሳ ተከራይተን ነበር። አልነገርንዎትም፤ ሳይበቅል ማውራት ነውር ነው ብለን ነው። ሰሊጡ ደረሰ። ሠራተኛውን ደግሞ ትልልቆቹ ወሰዱብን። ደቦ ጠርቼዎታለሁ።»

«ጠራኸኝ?»

«ጠራሁዎት።»

ስልኩን እንኳ አልዘጋችውም። ደጅ ወጥታ እልልታዋን አቀለጠችው። ጎረቤት ተሰበሰበ፤ ያቺ የቆጡንና የብብቱን የተረተችብን ሴት «የማን ሠርግ ነው?» አለች። እናቴ «ተጠራሁ! ደቦ ተጠራሁ!» አለቻት። ሴትየዋ ነገሩ ባይገባትም እልል አለች።

እትዬ አይሱዙዋን አመጣች፤ ሳጅን ፈቃድ ወጣ። መምህራችን ከጎንደር ተነሥቶ አብርሃ ጅራ ላይ ጠበቀን፤ ፎጣዋ አሁንም አንገቱ ላይ ናት። እናቴ በዓል የምትለብሰውን ቀሚሷን ለብሳ፣ ማጭዷን በጨርቅ ጠቅልላ ይዛ ነበር። አደባባዩ እንደ ኮኪቱ ነው፤ ተሳቢ፣ ሠራተኛ፣ የደላላ ጩኸት። ካቦው ሰው ልኮ እስኪወስደን ከመኪናው ወርደን ቆምን። እናቴ አልቻለችም፤ ማጭዷን ከጨርቁ ፈትታ አወጣችው።

አንድ ደላላ አያት። መጣና በትሕትና «እማማ፣ ለአጨዳ ነው የመጡት? ዘንድሮ እንኳ ጎልማሳ ነው የሚፈለገው» አላት።

እኔ ደሜ ፈልቶ ወደፊት ስራመድ በክርኗ መለሰችኝ። ፈገግታዋ ከጆሮ እስከ ጆሮ ነበር።

«ለአጨዳ ነው፣ ልጄ» አለችው። «ግን አልቀጠርም። ተጠርቼ ነው።»

ከዚያ የካቦው ሰው መጣ፤ እናቴ ማጭዷን ከብብቷ ሥር ሸጉጣ ከሁላችንም ቀድማ ተከተለችው።